ከሜዳው እስከ ጫካው፦ የዱር እንስሳትን ምልክት እያደረጉ የመቁጠር የጉዞ ማስታወሻ

የዱር እንስሳ ተሰልፎ አይቆጠርም። አይጡ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ዓሣው ውኃ ውስጥ ነው፣ ነብሩ በሌሊት ይሄዳል። ስለዚህ የተወሰኑትን ይዞ ምልክት ማድረግ፣ መልቀቅና እንደገና መያዝ ከድሮ ጀምሮ የተለመደ መላ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ከተያዙት መካከል ምልክት ያላቸው ድርሻ፣ በመላው ብዛት ውስጥ ካለው የምልክት ድርሻ ጋር እኩል ነው ተብሎ ይታሰባል። ከዚያ በኋላ ያለው ማባዛትና ማካፈል ነው።

ቀመሩ አንድ መስመር ነው። የመስክ ሥራው ሁሉ፣ ከወጥመዱ መርገጫ እስከ ጆሮው ቁጥር ድረስ፣ ያ አንድ መስመር ውሸት እንዳይናገር መጠበቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው እንዲህ ያለ ጉዞ ቀን በቀን እንዴት እንደሚሄድ ያሳያል፦ አብዛኛው ጊዜ ሜዳ ላይ ከአይጠ መጎጥ ጋር፣ ከዚያ አንድ ቀን ኩሬ ዳር፣ መጨረሻ ላይ ጫካ። የእንስሳቱ ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ምሳሌዎች ናቸው።

ከመነሳት በፊት

የመያዝ ፈቃድና የእንስሳት አያያዝ ሥነ ምግባር ማረጋገጫ ከሌለ መኪናው አይጫንም። ፈቃዱ ካለ ቀጥሎ የሚመጣው የወጥመድ ፍተሻ ነው። ለአንድ ሜዳ 100 ታጣፊ የአሉሚኒየም ወጥመድ ያስፈልጋል፤ እንስሳውን ሳይጎዳ በሕይወት የሚይዝ፣ ርዝመቱ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ወደ 9፣ ስፋቱ ወደ 8 የሆነ ሣጥን። ለብልሽት ሌላ 10 መጨመር ይበጃል።

እያንዳንዱ ወጥመድ ተዘርግቶ መርገጫው በትንሽ ክብደት ይሞከራል። በአካባቢው የሚጠበቀው ቀላሉ እንስሳ 10 ግራም ከሆነ፣ በር የሚዘጋው ከዚያ ባነሰ ክብደት መሆን አለበት። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። መርገጫው የጠነከረ ወጥመድ ትልልቆቹን ብቻ እየያዘ ግልገሎቹን ያሳልፋል። የዚያን ጊዜ የተቆጠረው የአዋቂዎች ብዛት ሆኖ ሳለ በወረቀቱ ላይ የሁሉም ተብሎ ይጻፋል። የሚስተካከለው መርገጫው በሩን የሚይዝበትን የብረት ምላስ በፒንሳ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በማጠፍ ነው።

ለምልክት ሁለት ዓይነት ይያዛል። አንደኛው ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት የጆሮ መለያ ነው፤ በሁለቱም ጆሮ አንድ አንድ ይደረጋል። ሁለተኛው ከቆዳ ሥር የሚገባ ማይክሮቺፕ ነው፤ የተለመደው 12 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፣ 0.1 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ ማንበቢያ ይነበባል። ማንኛውም ምልክት ከእንስሳው ክብደት 5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከዚያ በታች በሆነ ቁጥር የተሻለ ነው። ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚቆይ ቆጠራ ጸጉሩን በተወሰነ ቦታ ላይ በመቀስ መከርከምም ይበቃል፤ ነገር ግን ጸጉር የትኛው እንስሳ መሆኑን አይናገርም፣ መያዙን ብቻ ነው የሚናገረው። ጣት መቁረጥ የሚባለው የቆየ ዘዴ ሥቃይ ያለው በመሆኑና እንስሳው ዳግም የመያዝና የመኖር ዕድሉን ሊቀይር ስለሚችል ሌላ አማራጭ እያለ መመረጥ የለበትም።

ቅጹ ላይ የሚገቡት፦ ቀን፣ የወጥመድ ቁጥር፣ ዝርያ፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የግራና የቀኝ ጆሮ ቁጥር፣ አዲስ ወይም የተደገመ፣ በመጨረሻም የተለቀቀበት ሁኔታ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ ወጥመድ ውስጥ የሞተ እንስሳ ሜዳው ላይ እየዞረ እንዳለ ተቆጥሮ ይቀራል።

ቀን 1፦ ሜዳውን መቀየስ

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ከተደረሰ፣ እስኪመሽ ያለው ጊዜ ለቅየሳ ይበቃል። ማዕዘኑ ላይ ችካል ይተከልና በኮምፓስና በሜትር 10 መስመር ይዘረጋል፤ በየመስመሩ 10 ችካል፣ በችካልና በችካል መካከል 10 ሜትር። ስማቸው ከሀ1 ጀምሮ በቅደም ተከተል ይጻፋል። ጠቅላላው 90 ሜትር በ90 ሜትር ይሆናል።

ለምን 10 ሜትር? በአንድ እንስሳ የመዘዋወሪያ ክልል ውስጥ ቢያንስ 4 ያህል ወጥመድ እንዲገኝ ነው። ክልሉ ሰፊ ለሆነ ዝርያ ርቀቱ ይጨምራል። ርቀቱ ከበዛ ግን ምንም ወጥመድ ክልሉ ውስጥ የሌለው እንስሳ ይኖራል፤ የመያዝ ዕድሉ ዜሮ የሆነን እንስሳ ደግሞ የትኛውም ቀመር አይቆጥረውም።

ኮምፓሱን ለመኪና፣ ለኪስ ቢላዋና ለራሱ ለወጥመዱ ክምር ጠጋ አድርጎ ማንበብ የተለመደ ጥፋት ነው። 2 ዲግሪ መሳሳት 90 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ3 ሜትር በላይ ያንሻፍፋል። ስለዚህ አራቱም ማዕዘን ላይ ቦታው በጂፒኤስ ይመዘገባል።

ወጥመዱ በትክክል ችካሉ ሥር መሆን የለበትም። በአንድ ሜትር ዙሪያ ውስጥ የአይጥ መሄጃ፣ የጉድጓድ አፍ ወይም የሣር ጥላ ተፈልጎ እዚያ ይቀመጣል። በሩ ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ዝናብ ከመጣ ውኃው ወደ ውስጥ አይገባም፣ የገባውም ይወጣል። ጉንዳን የሚሄድበት መስመር ካለ ከዚያ መራቅ ግድ ነው፤ ጉንዳን ምግቡን ከመጨረሱም በላይ ወጥመድ ውስጥ የታሰረውን እንስሳ ሊገድል ይችላል።

ቀን 2፦ ማለማመድ

ዛሬ ማንም አይያዝም። ትናንት ማታ የተቀመጡት ወጥመዶች በራቸው ክፍት ሆኖ እንዲቀር ታስሮ፣ ውስጣቸው ምግብ ተደርጎ አድረዋል። ብዙ የአይጥ ዝርያዎች አዲስ ዕቃ ይፈራሉ፤ ማለማመዱ ካልቀደመ በመጀመሪያው ሌሊት የሚያዙት ደፋሮቹ ብቻ ይሆናሉ።

ምግቡ አጃ በለውዝ ቅቤ የተለወሰ ነው፤ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ድቡልቡል በየወጥመዱ ከመርገጫው ጀርባ ትቀመጣለች። መርገጫው ሥር ከወደቀች በሩ አይዘጋም፤ እንስሳው በልቶ ይሄዳል። ከምግቡ ጋር ለመኝታ የሚሆን ጥጥ መሰል ነገር ይገባል፤ ውኃ የማይመጠውን የፖሊስተር ሙሌት እንመርጣለን፣ ምክንያቱም የተፈጥሮ ጥጥ ከረጠበ በኋላ ከማሞቅ ይልቅ ያቀዘቅዛል። በአካባቢው ነፍሳት በል ጥቃቅን ፍልፈል መሰል እንስሳት ካሉ ለእነሱ የሚሆን የደረቀ ትል ይጨመራል፤ ጥቂት ሰዓት ያለ ምግብ ከቆዩ ይሞታሉና የፍተሻ ሰዓቱም መደጋገም አለበት።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በሮቹ ይፈታሉ፣ ምግቡ ይታደሳል፣ ወጥመዱ ይጠመዳል።

ቀን 3፦ የመጀመሪያው ንጋት

ፍተሻው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ መሬቱ በቅጡ እንደታየ ይጀመራል። ፀሐይ የመታው የአሉሚኒየም ሣጥን ቶሎ ይግላል፤ ከእንስሳት ጉዳት ብዙው የሚመጣው ዘግይቶ ከተጀመረ ፍተሻ ነው። አንድ ሰው ይይዛል፣ አንድ ሰው ይጽፋል፤ ከሀ መስመር ጫፍ ጀምረው በቀጣዩ መስመር እየተመለሱ ይሄዳሉ። ክፍት የተገኘ ወጥመድም ይመዘገባል። በሩ ተዘግቶ ባዶ የተገኘ ግን ለየት ያለ ምልክት ያስፈልገዋል፤ ያ ወጥመድ ሌሊቱን አልሠራም፣ ስለዚህ በጥረቱ ልክ (በወጥመዱ ብዛትና በሌሊቱ ቁጥር) ውስጥ እንደ ሙሉ አይታሰብም።

የተዘጋ በር ሲገኝ የጨርቅ ከረጢት አፉ በወጥመዱ አፍ ላይ ይጠመጠማል፣ በሩ በጣት ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ወጥመዱ ዘንበል ይላል። እንስሳው ወደ ከረጢቱ ሲወርድ አፉ ይታነቃል። ከረጢቱ በተንጠልጣይ የስፕሪንግ ሚዛን ይመዘናል፤ በኋላ የባዶ ከረጢቱ ክብደት ይቀነሳል። ከረጢቱ በሽንትና በጤዛ ስለሚከብድ በየእንስሳው መመዘን አለበት። ከዚያ በጨርቁ ላይ ጭንቅላቱ ይፈለግና ከማጅራቱ ላይ ያለው ልቅ ቆዳ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይያዛል። ጭራ መያዝ አስፈላጊ ከሆነ ሥሩ ላይ ብቻ ነው፤ በአንዳንድ ዝርያዎች ጫፉ ላይ ከተያዘ የጭራው ቆዳ እንዳለ ተገፎ እጅ ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያ ማንበቢያው ጀርባው ላይ ይዞራል፤ አዲስ መስሎ የታየ ሁሉ አዲስ አይደለም። ምንም ካልተነበበና ጆሮው ላይ ጠባሳ ከሌለ አዲስ ነው። የጆሮ መለያው ከጆሮው ግርጌ አጠገብ፣ የደም ሥሩን ስቶ ይጨመቃል። ከጆሮው ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ ያቆስላል፣ ይበሰብሳል፣ ይወድቃል፤ ከጠርዙ ብዙ ከራቀ ደግሞ በሣርና በሥር እየተያዘ ይቀደዳል። ትንሽ ክፍተት ትቶ ቀለበቱ ጫፍ ለጫፍ መገጠሙን ማየት ነው። ማይክሮቺፕ ከሆነ በትከሻዎቹ መካከል ቆዳው ከፍ ተደርጎ መርፌው ከቆዳው ሥር ጋደም ብሎ ይገባል፣ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ለጥቂት ሰከንድ ይቆነጠጣል። ቺፕ የሚጠፋው በአብዛኛው በዚያው ቀዳዳ ተመልሶ በመውጣት ስለሆነ ይህ ቁንጥጫ ዋጋ አለው። ከመለቀቁ በፊት ማንበቢያው እንደገና ይዞራል።

ያዡ ቁጥሩን ያነባል፣ ጸሐፊው ጮክ ብሎ ይደግማል፣ ያዡ ዳግም አይቶ ያረጋግጣል። 6 እና 9፣ 1 እና 7፣ 3 እና 8 በጭቃ በተሸፈነ ትንሽ ብረት ላይ ይመሳሰላሉ። በስህተት የተነበበ ቁጥር በሌለ እንስሳ ላይ ሕይወት ይዘራል፤ ተደግሞ የተያዘው አንድ እንስሳ ሁለት ይሆናል፣ ግምቱም ያብጣል።

ይህ ሁሉ ከ3 ደቂቃ በታች ማለቅ አለበት። እንስሳው የሚለቀቀው በተያዘበት ወጥመድ አጠገብ ነው። ወጥመዶቹ ለቀኑ ይዘጋሉ። እንስሳ ያደረባቸው ሣጥኖች በ9 እጅ ውኃ 1 እጅ በረኪና ይታጠባሉ፤ አይጦች ሐንታ ቫይረስንና ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሳሰሉ በሽታዎችን ስለሚያስተላልፉ ጓንትና ጭንብል እዚህ ላይ አይወልቁም።

የዛሬው ምሳሌያችን፦ 20 ተያዙ፣ 20ዎቹም ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ።

ቀን 4፦ የተደገሙት

ዛሬ 24 ተያዙ፤ 4ቱ የትናንት ምልክት አላቸው። ስሌቱ እዚህ ይጀምራል፦ ቀድሞ ምልክት የተደረገባቸው ሲባዛ ዛሬ በተያዙት፣ ሲካፈል ከዛሬዎቹ ምልክት ባላቸው። 20 × 24 ÷ 4 = 120።

ይህን ስሌት ለዓሣ ጥናት ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ፒተርሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 በሊምፍዮርድ ስላሉ ጠፍጣፋ ዓሦች ጽፏል። በ1930 አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ሊንከን ቀለበት ከተደረገላቸው የዳክዬ ዝርያዎች ተነስቶ በተመሳሳይ መንገድ አስልቷል። ከሁለቱ በፊት ግን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ በ1802 ዓመት ላይ የፈረንሳይን ሕዝብ የገመተው በዚሁ አስተሳሰብ ነበር፦ በተመረጡ ወረዳዎች ውስጥ የነዋሪው ብዛት ከዓመታዊ ወሊድ ጋር ያለው ጥምርታ 28.35 ገደማ መሆኑን አየ፤ በመላ አገሪቱ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ይወለዳል ብሎ ተነስቶ ከ28 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለ አለ። በ1930ዎቹ ደግሞ ጃክሰን በታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ) የጼጼ ዝንብን ቀለም እየቀባ ቆጥሯል። ዝንብም ይሁን ሰው፣ ጥምርታው ያው ነው።

120ን ወዲያው ማመን አይገባም። የተደገሙት 4 ብቻ ናቸው፤ አንድ እንስሳ ቢጨመር ግምቱ 96፣ አንድ ቢቀነስ 160 ይሆናል። በተጨማሪ ይህ ጥሬ ቀመር የተደገሙት ጥቂት ሲሆኑ ወደ ላይ ያዘነብላል። ቻፕማን በ1951 ያቀረበው ማስተካከያ ሁሉም ላይ 1 መጨመርና መጨረሻ ላይ 1 መቀነስ ነው፦ 21 × 25 ÷ 5 − 1 = 104። ቢያንስ 7 የተደገመ እስኪገኝ ድረስ ቁጥር ላለመናገር ይመረጣል።

ቀመሩ የሚጠይቃቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ በቆጠራው ጊዜ ውስጥ ማንም አይወለድ፣ አይሙት፣ አይግባ፣ አይውጣ፤ ምልክት አይጥፋ፣ ሲታይም አይሳት፤ ምልክት ያለውና የሌለው እኩል የመያዝ ዕድል ይኑራቸው። ቆጠራው በተከታታይ ጥቂት ቀናት የሚጠናቀቀው ለመጀመሪያው ሲባል ነው። ሦስተኛው ግን በቀላሉ አይጠበቅም።

ወጥመዱ ውስጥ ምግብና ሙቀት ያገኘ አይጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የዛሬዎቹ የተደገሙት በዚህ ምክንያት ከ4 ወደ 8 ቢያድጉ ግምቱ 60 ይሆናል፤ ሜዳው ላይ ግን አንድም እንስሳ አልቀነሰም። በአያያዝ የተሠቃየው ደግሞ ወጥመድ ይሸሻል፤ 4ቱ 2 ቢሆኑ ግምቱ 240 ይደርሳል። ትናንት የተጻፈው የ3 ደቂቃ ወሰን ለእንስሳው ደኅንነት ብቻ አይደለም፤ ለቁጥሩም ነው።

ቀን 5፦ ዝናብ ያደረበት

26 ተያዙ፣ 9ኙ የተደገሙ። ወጥመድ ከመከፈቱ በፊት በሜዳው ላይ ምልክት ያላቸው 40 ነበሩ። 40 × 26 ÷ 9 = 115.6።

ዝናብ፣ ብርድና የጨረቃ ብርሃን የእንስሳትን እንቅስቃሴ ስለሚቀይሩ የመያዝ ዕድል ከሌሊት ሌሊት ይለያያል። ይህ ሁሉንም እኩል እስከነካ ድረስ ግምቱን አያበላሽም፤ በዝናቡ ምክንያት ምልክት ያለውም የሌለውም እኩል ቢቀንስ ጥምርታው አይነካም። እዚህ ላይ የሚፈራው የእንስሳቱ ሕይወት ነው፦ ከባድ ዝናብና ብርድ ከተጠበቀ ሌሊቱን አለማጥመድ ይሻላል።

የጆሮ መለያ ሁለት የሚደረገው መጥፋቱን ለማወቅ ነው። በሁሉም ቀናት ከተደገሙት 25 ውስጥ 23ቱ ሁለቱንም ይዘው፣ 2ቱ አንዱን ብቻ ይዘው ቢገኙ፣ የአንድ መለያ የመጥፋት ዕድል 2 ÷ (2 + 2 × 23) ነው፤ ወደ 4.2 በመቶ። ሁለቱም አብረው የመጥፋታቸው ዕድል የዚህ ካሬ ስለሆነ ከ0.2 በመቶ በታች ነው። አንድ መለያ ብቻ ቢደረግ ግን ከ100 ምልክት 4ቱ ይጠፋሉ፤ ባለቤቶቻቸው እንደ አዲስ ይጻፋሉ፤ ግምቱም በዚያው ልክ ይተልቃል። የጆሮ ጠባሳ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ቀን 6፦ የመጨረሻው ፍተሻና ስሌቱ

25 ተያዙ፣ 12ቱ የተደገሙ፤ ቀድመው ምልክት የነበራቸው 57። በሜዳው ላይ በአጠቃላይ 70 የተለያዩ እንስሳት በዓይን ታይተዋል።

የአራቱን ንጋት መረጃ በአንድ ላይ ለመጠቀም ሽናበል በ1938 ያቀረበችው ስሌት አለ፦ በየቀኑ የተያዙት በዚያ ቀን ቀድመው ምልክት በነበራቸው ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ለተደገሙት ጠቅላላ ድምር ይካፈላሉ። 24 × 20 = 480፣ 26 × 40 = 1040፣ 25 × 57 = 1425፤ ድምሩ 2945። ለ25 ሲካፈል 118 ይመጣል።

ከግምቱ ጋር ስፋቱም መጻፍ አለበት። የተደገሙት ጥቂት ሲሆኑ ወሰኑን ከፖይሰን ሠንጠረዥ (አንድ ቆጠራ በአጋጣሚ ምን ያህል ሊለዋወጥ እንደሚችል ከሚያሳይ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ) መውሰድ ይሻላል። የትናንቱ 9 ብቻውን ቢወሰድ 95 በመቶ ወሰኑ ከ4.1 እስከ 17.1 ነው፤ 1040ን ስናካፍል ከ61 እስከ 253 ያደርሳል። የአራቱ ቀን 25 ደግሞ ከ16.2 እስከ 36.9 ነው፤ 2945ን ስናካፍል ከ80 እስከ 182። ጠቧል፤ ሆኖም ሰፊ ነው። የሚያጠበው የተደገሙት ብዛት ነው። ወጥመድ መጨመር ወይም አንድ ሌሊት መጨመር ከየትኛውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም የበለጠ ይረዳል።

ቀጥሎ በወረቀት ላይ አንድ ሥዕል ይሠራል፦ በአግድም ቀድመው ምልክት የነበራቸው፣ በቁም ከተያዙት ውስጥ የተደገሙት ድርሻ። 20 ላይ 0.17፣ 40 ላይ 0.35፣ 57 ላይ 0.48፤ ከዜሮ የሚነሳ ቀጥ ያለ መስመር ማለት ይቻላል። መስመሩ እየጎበጠ ወደ ታች ካዘነበለ ከውጭ እየገቡ ያሉ አሉ ወይም ምልክት እየጠፋ ነው።

ቀጥ ያለ መስመር ግን ሁሉን አያሳይም። እንስሳት በተፈጥሯቸው ይለያያሉ። ለምሳሌ ሜዳው ላይ 120 ቢኖሩ፣ ግማሾቹ በአንድ ሌሊት 30 በመቶ፣ ግማሾቹ 10 በመቶ የመያዝ ዕድል ቢኖራቸው፣ በአማካይ በየሌሊቱ 24 ይያዛሉ፣ የተደገሙት 6 ይሆናሉ። 24 × 24 ÷ 6 = 96። ማንም ሳይሳሳት 24 እንስሳ ጠፋ። ዘወትር የሚደገሙት እነዚያው ቀላሎቹ ስለሆኑ የዚህ ዓይነት ልዩነት ግምቱን ሁልጊዜ ዝቅ ያደርገዋል። ፆታና ዕድሜ ለይቶ ማስላት ይረዳል። በ1978 ኦቲስና ባልደረቦቹ የጊዜን፣ የባሕርይንና የግለሰብን ልዩነት የሚለዩ ሞዴሎችን በአንድ ላይ አቅርበዋል፤ ዛሬ ማርክ የተባለው ፕሮግራምና አር (R) በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፉ ጥቅሎች ያንን ሥራ ያቀላሉ። ይሁንና እነዚህ ሞዴሎች የእያንዳንዱን እንስሳ የመያዝ ታሪክ ይፈልጋሉ፤ ጸጉር ብቻ የተከረከመ እንስሳ ያንን አይሰጥም።

ከዚያ የጥግግት ጥያቄ ይመጣል። 118 እንስሳ በምን ያህል መሬት ላይ? ወጥመዶቹ የቆሙበት 8100 ካሬ ሜትር ወይም 0.81 ሄክታር ነው፤ በዚህ ከተካፈለ በሄክታር 146 ይሆናል። ነገር ግን ከዳር ያሉት እንስሳት ከወሰኑ ውጭም ይኖራሉ። የተለመደው ዘዴ አንድ እንስሳ በተያዘባቸው ወጥመዶች መካከል የነበረውን ትልቁን ርቀት ለየእንስሳው ወስዶ አማካዩን ማውጣት፣ ግማሹንም በዙሪያው መጨመር ነው። አማካዩ 24 ሜትር ከሆነ 12 ሜትር ይጨመራል፤ መሬቱ ወደ 1.29 ሄክታር ያድጋል፣ ጥግግቱ ወደ 92 ይወርዳል። ከ146 እስከ 92 ያለው ልዩነት ከመሬቱ እንጂ ከእንስሳቱ አልመጣም። ግማሹን መውሰድ ልማድ ነው፣ ጠንካራ መሠረት የለውም፤ ኤፎርድ በ2004 ያስጀመረው የወጥመዶቹን ቦታ በስሌቱ ውስጥ የሚያስገባ ዘዴ በእኛ እምነት የተሻለ ነው።

ወጥመዶቹ ሲሰበሰቡ በቁጥር ነው፦ 100 ወጥቷል፣ 100 ይመለሳል። 99 ከሆነ ማንም መኪና ውስጥ አይገባም። ሣር ውስጥ ተጠምዶ የተረሳ ሣጥን የገባበትን እንስሳ ይገድላል።

ቀን 7፦ ኩሬው ዳር

ለዓሣ ስሌቱ ያው ነው፤ የሚለየው ጥቂት ነገር ነው። ምልክቱ የክንፍ ጫፍ መቁረጥ ነው። የተያዙት በአንድ ጥግ ከተለቀቁ እዚያው ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ስለዚህ በተለያየ ቦታ ይለቀቃሉ፣ እስኪቀላቀሉም ቢያንስ አንድ ቀን ይጠበቃል። የመጀመሪያው አያያዝ በቋሚ መረብ ከሆነ ሁለተኛው በሚጎተት መረብ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱን መረብ የሚወድ ዓሣ ሌላውን የግድ አይወድም።

ከተለቀቁ በኋላ የሚሞቱት አይታዩም። ስለዚህ ምልክት ያላቸውና የሌላቸው ጥቂቶች በውኃ ውስጥ በተቀመጠ የመረብ ሣጥን 24 ሰዓት ይቆያሉ። ምልክት ካላቸው ከ10 አንዱ ከሞተና ከሌላቸው ማንም ካልሞተ፣ በኩሬው ያለው ምልክትም በዚያው ልክ ይቀነሳል፤ ካልተቀነሰ ግምቱ ከእውነቱ ይበልጣል።

ቀን 8 እና ቀን 9፦ ጫካው

ነብርን ጆሮው ላይ ቁጥር ለማድረግ መያዝ አያስፈልግም፤ ነጠብጣቡ ከልደት ጀምሮ ቁጥሩ ነው። እዚህ ወጥመዱ በሙቀትና በእንቅስቃሴ የሚነሳ ካሜራ ነው። ካራንት በ1995 በሕንድ በጭረታቸው በሚለዩ ታይገሮች ላይ ይህን ዘዴ ሠርቶ ካሳየ ወዲህ በብዙ አገር ተለምዷል።

በየጣቢያው ሁለት ካሜራ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይታሰራል። የእንስሳው የቀኝና የግራ ጎን ነጠብጣብ አይመሳሰልም፤ አንድ ካሜራ ብቻ ካለ አንዱ ነብር በግራ ጎኑ አንድ፣ በቀኝ ጎኑ ሌላ ሆኖ ይቆጠራል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠው ከታሰሩ ግን የአንዱ ብልጭታ የሌላውን ፎቶ ያነጣዋል፤ ትንሽ ማፈንገጥ ይበቃል። ቁመቱ ከመሬት 40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከመንገዱ 3 እስከ 4 ሜትር። በፊቱ ያለው ሣር ይታጨዳል፤ ነፋስ ያወዛወዘው ቅጠል በአንድ ሳምንት ውስጥ ማኅደረ ትውስታውን ባዶ ፎቶ ይሞላዋል። ሌንሱ ፀሐይ ወደምትወጣበት ወይም ወደምትጠልቅበት አይዞርም። የሁለቱ ካሜራ ሰዓት ደቂቃ ለደቂቃ ይስተካከላል፣ አለዚያ ግራና ቀኙ የአንድ ነብር መሆኑ አይታወቅም። ካሜራው ከታሰረ በኋላ አንድ ሰው በአራት እግሩ እየዳኸ ፊቱ ያልፋል፤ ፎቶው ላይ ጎኑ ሙሉ ካልታየ ካሜራው ይስተካከላል።

ርቀቱ የሚወሰነው በአንዲት እንስት የመዘዋወሪያ ክልል ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጣቢያ እንዲገባ ነው፤ የወንዱ ክልል ከእንስቷ የሚሰፋ በመሆኑ በእሱ ከተለካ እንስቶቹ ክፍተት ውስጥ ይቀራሉ። ካሜራዎቹ ከ45 እስከ 60 ቀን ይቆያሉ። አጭር ከሆነ የሚደገም ፎቶ አይበቃም፤ ረጅም ከሆነ ደግሞ የሚወለድ፣ የሚሞትና የሚሰደድ ይኖራል። ጉዳዩ ዓመታት የሚጠይቅ ከሆነ የሚሠራው ጆሊና ሴበር በ1965 በየፊናቸው ያወጡት፣ ሞትንና መግባትን የሚቀበል ስሌት ነው።

ፎቶ የሚለዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሳይነጋገሩ ለየብቻ። የማይስማሙበት ፎቶ ከስሌቱ ይወጣል። ግልገሎች አይቆጠሩም፤ ከእናታቸው ጋር ስለሚሄዱ የራሳቸው የሆነ የመያዝ ዕድል የላቸውም።

ቀን 10፦ መመለሻ

ቅጾቹ ዛሬውኑ ፎቶ ይነሳሉ፣ በሁለት የተለያዩ ሰዎችም ወደ ኮምፒዩተር ይገባሉ፤ ሁለቱ ፋይሎች ሲነጻጸሩ የማይገጥመው መስመር ሁሉ ከዋናው ወረቀት ጋር ይታያል። በተለይ አንድ ጊዜ ብቻ የታዩ የጆሮ ቁጥሮች ይፈተሻሉ፤ ከሌላ ቁጥር በአንድ አኃዝ ብቻ የሚለዩ ከሆነ፣ በቅርብ ወጥመድ ከተያዙና ፆታና ክብደታቸው ከገጠመ የንባብ ስህተት መሆናቸው አይቀርም።

ሪፖርቱ ላይ 118 የሚለው ቁጥር ብቻውን አይጻፍም። ከ80 እስከ 182 የሚለው ወሰን፣ የወጥመዱ ብዛትና የሌሊቱ ቁጥር፣ በየቀኑ የተያዙትና የተደገሙት፣ ወጥመድ ውስጥ የሞቱት፣ የመለያ መጥፋት መጠን፣ የተሰላበት የመሬት ስፋትና የተገኘበት መንገድ አብረው ይገባሉ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ የሚቆጥረው ሌላ ቡድን ቁጥሩ ወርዶ ቢያገኝ፣ እንስሳቱ መቀነሳቸውን ወይም የወጥመዱ መርገጫ መጠንከሩን የሚለየው በእነዚህ ነው።